ከሰጠው ነጥብ ተነሥቶ የሰውን የፊልም ምርጫ ማወቅ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ለሌላ ሰው ፊልም መርጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ገጥሞታል። «ምን ዓይነት ፊልም ነው የምትወደው?» ስትሉት «ጥሩ ፊልም ከሆነ ሁሉንም አያለሁ» ይላችኋል። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ልጆች ይህን መልስ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰሙት እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሰው የሚወደውን አያውቅም ማለት አይደለም፤ ድንገት ሲጠየቅ ግን አይመጣለትም። ላየው ፊልም የሰጠው ነጥብ በተቃራኒው ተጽፎ ይቀመጣል፤ ማንበቡን ለቻለበት።

ይህን የምጽፈው በየቤቱ ለማይጠፋው ለዚያ ሰው ነው፦ ከቴሌግራም የሚያወርደው፣ ሃርድ ዲስኩን የሚሞላው፣ ቅዳሜ ማታ «ዛሬስ ምን አመጣህ?» የሚባለው። አቶቴ ያለው የእኛ ቤት ውስጥ ያ ሰው እኔ ነኝ። ነጥብ የመቀበያው መንገድ ብዙ ነው፤ ሁሉም ለሁሉም ሰው አይሆንም። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው ሰውየው ከራሱ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ ነው።

ከአሥር ስንት?

ለእኛ አፍ የሚቀርበው ይሄ ነው። «ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ካላችሁት ማንም ሰው ሳያቅማማ ቁጥር ይጠራል። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢም ከ1 እስከ 10 ነው የሚጠቀመው። ችግሩ ሁሉም ሰው አሥሩን ቁጥር በአንድ ዓይን አለማየቱ ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ ፊልምንም እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያርሙት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ከሰባት በታች መስጠት ስድብ ይመስላታል። ሁለቱም ያዩዋቸውን አምስት ፊልሞች ልውሰድ። ለሕንድ የቤተሰብ ድራማው አጎቴ 5፣ እሷ 10። ለአክሽኑ እሳቸው 3፣ እሷ 8። ለአማርኛው ኮሜዲ እሳቸው 4፣ እሷ 9። ለፍርድ ቤቱ ታሪክ ሁለቱም 7። ለጦርነቱ ፊልም እሳቸው 5፣ እሷ 8።

ቁጥሩን እንዳለ ያነበበ ሰው የፍርድ ቤቱን ታሪክ ሁለቱም እኩል ወደዱት ይላል። አማካዩን አውጡት። የአጎቴ 4.8 ነው፤ የእሷ 8.4። አሁን ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የባለቤቱን አማካይ ቀንሱ። ያ 7 ለአጎቴ ከልማዳቸው በ2.2 የበለጠ፣ ከአምስቱም የላቀ ነጥብ ነው። ለእሷ ደግሞ በ1.4 ያነሰ፣ ከሁሉም የወረደ። አንድ ፊልም፣ አንድ ቁጥር፣ ፍጹም ተቃራኒ ፍርድ። ቅዳሜ ማታ ሌላ የፍርድ ቤት ፊልም ብትከፍቱ አጎቴ ወንበራቸውን ወደፊት ያስጠጋሉ፣ እሷ ስልኳን ታወጣለች።

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ቅነሳ ውሰዱ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። አንዳንድ ሰው ከ1 እና ከ10 ሌላ ቁጥር አያውቅም፤ ሌላው ከ6 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይመላለሳል። እንዲህ ያሉትን ስታወዳድሩ አማካዩን መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ የነጥቡ ስፋትም ይታይ። ከ6 እስከ 8 ለሚመላለሰው የአንድ ነጥብ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ወጥመድ የታየው ፊልም ቁጥር ማነስ ነው። አንድ የቱርክ ፊልም አይቶ 10 የሰጠን ሰው «የቱርክ ወዳጅ» ማለት ችኮላ ነው። አይኤምዲቢ ምርጥ 250 ፊልሞቹን ሲደረድር ድምፅ ያነሰውን ፊልም ወደ አጠቃላዩ አማካይ ይስበዋል፤ እኛም ያንኑ ዘዴ ለአንድ ሰው ልንጠቀምበት እንችላለን። የሰውየው አማካይ 8 ነው እንበል። በእያንዳንዱ ዘውግ (የፊልም ዓይነት) ላይ ሦስት ያልታዩ ፊልሞች 8፣ 8፣ 8 እንዳገኙ አድርጋችሁ ጨምሩ። አንድ የቱርክ ፊልም 10 ከሰጠ ውጤቱ 8.5 ይሆናል፣ ገና ወሬ ነው። አምስት አይቶ ለአምስቱም 10 ከሰጠ ግን 9.25 ይደርሳል፤ አሁን ማመን ይቻላል። ለምን ሦስት? ልማድ ነው፤ ጠርጣራ ከሆናችሁ አምስት አድርጉት።

አምስት ኮከብ

ይህን መንገድ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት ፊልም ጠቋሚው ድረ ገጽ ሙቪሌንስ እስከ ዛሬ በኮከብ ነው የሚሠራው፤ ግማሽ ኮከብም ይቀበላል። ግማሽ ኮከብ ከተፈቀደ ያው ወደ አሥር መመለስ ነው፣ ስለዚህ የሒሳቡን ጉዳይ አልደግመውም።

በኮከብ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ኮከብ ሲሰጥ ሰው ዳኛ ይሆናል። የወደደውን ሳይሆን ሊወደው ይገባ ነበር ብሎ የሚያስበውን ከፍ ያደርጋል። ቁም ነገር ያለው የታሪክ ፊልም አምስት ኮከብ ያገኛል፤ ያ ሰው ግን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው የምታገኙት ሦስት ኮከብ የሰጠውን ኮሜዲ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮከቡን ጥሎ ወደ አውራ ጣት ሲዞር ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፦ ተመልካቹ ለዘጋቢ ፊልም አምስት ይሰጣል፣ ማታ ማታ የሚያየው ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ኮከብ የምትቀበሉ ከሆነ ጥያቄውን ቀይሩ። «ፊልሙ ስንት ኮከብ ይገባዋል?» አትበሉ፤ «አንተን ምን ያህል ደስ አለህ?» በሉ። ከአንድ ሰው የሚገኘው መልስ እንኳ ይለያያል።

አውራ ጣት

ወደደው ወይስ ጠላው፣ አለቀ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2010 አምስቱን ኮከብ ትቶ ወደዚህ የመጣው ሰው ከአምስትና ከአንድ ሌላ ብዙም እንደማይነካ ስላየ ነው። ኔትፍሊክስም በሙከራው ላይ በአውራ ጣት የሚሰጠው ነጥብ ብዛት ከኮከቡ በ200 በመቶ በልጦ ነበር። ዝምተኛውን ሰው የሚያናግር መንገድ ነው ማለት ነው። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ደግሞ ምንም ማሰናዳት አያስፈልግም፤ የፊልሙን ፖስተር ለጥፉና ማን ምን እንደተጫነ እዩ።

የሚጎድለው ደረጃው ነው። «ደህና ነው» የተባለው ፊልምና «ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ» የተባለው አንድ ዓይነት ጣት ያገኛሉ። ኔትፍሊክስም ይህ ሳይቸግረው አልቀረም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት አውራ ጣት ጨመረበት። እኔ ለቤት የምመክረው ሦስት ምልክት ነው፦ «ደግሜ አየዋለሁ»፣ «ደህና ነበር»፣ «ጊዜዬን በላው»። ፍጥነቱ የአውራ ጣት ነው፣ የተሻለ ግን ይናገራል። ሦስቱም ሰው ባፉ የሚላቸው ስለሆኑ ማስረዳት አያሻም።

በዚህ አጋጣሚ፣ የሐያስያንን ግምገማ በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶማቶስ ላይ 95 በመቶ ያየ ሰው ፊልሙ ከ100 95 ያገኘ ይመስለዋል። አይደለም። ከመቶ ሐያስያን 95ቱ «ይታያል» ብለዋል ማለት ነው። ሁሉም ሰው «ደህና ነው» ያለው፣ ማንም ያልተደነቀበት ፊልምም መቶ በመቶ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለቱን አወዳድሮ መጠየቅ

እናቴ ነጥብ አትሰጥም። «ሁሉም የሰው ልፋት ነው፣ ምን ብዬ እቀንሳለሁ?» ትላለች። እንዲህ ላለው ሰው ቁጥርም ኮከብም አይሠራም። «ከሁለቱ የቱን ደግመሽ ታዪያለሽ?» ስላት ግን ቡናዋን ሳታስቀምጥ ትመልሳለች።

ማወዳደር ከሁሉም የጠራ መልስ ይሰጣል፤ የአማካይ ጣጣ የለበትም፣ ለጋስና ቆጣቢ የሚባል ነገር አይገባበትም። ዋጋው ጊዜ ነው። አሥር ፊልም እርስ በርሱ ለማወዳደር 45 ጥያቄ፣ ሃያ ፊልም 190 ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያን ያህል የሚታገሥ እናት የለም። መውጫው እንዲህ ነው፦ ደረጃ የወጣለት ዝርዝር ይኑራችሁ፣ አዲሱን ፊልም መጀመሪያ ከመካከለኛው ጋር አወዳድሩ። ከበለጠ የላይኛውን ግማሽ፣ ካነሰ የታችኛውን ግማሽ ወስዳችሁ እንደገና መካከለኛውን ጠይቁ። ሃያ ፊልም ባለበት ዝርዝር ውስጥ ቢበዛ በአምስት ጥያቄ ቦታውን ያገኛል።

ሳይጠይቁ ማየት

ጨረሰው ወይስ አቋረጠው? ደገመው? ለሌላ ሰው ላከው? ትልልቆቹ ድርጅቶች ከነጥብ ይልቅ በዚህ ላይ የሚደገፉት ሰው በእጁ ሲዋሽ በዓይኑ ስለማይዋሽ ነው። ቤት ውስጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያልተጨረሰ ፊልም ሁሉ ያልተወደደ አይደለም፤ መብራት ጠፍቶ፣ ፓኬጅ አልቆ፣ እንግዳ መጥቶ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻ የታየም ሁሉ አልተወደደም፤ ሽንኩርት እየተከተፈ ድምፁ ብቻ ሲሰማ የነበረ የቃና ተከታታይ ሞልቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ የማምነው መደገምን ብቻ ነው።

ነጥቡን ከተቀበላችሁ በኋላ

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው። የሰውየውን ከፍተኛ ነጥቦች ይሰበስብና «እነዚህን ይወዳል» ብሎ ያርፋል። ሁሉም ሰው የወደደውን ፊልም እሱም መውደዱ ስለ እሱ ምን ይነግራችኋል? ምንም። የሚነግራችሁ ከሕዝቡ የተለየበት ቦታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያደነቀውን እሱ ለምን ናቀው? ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ለምን ከፍ አደረገው?

ስለዚህ ለመመዘኛ ሰውን የሚከፋፍሉ ፊልሞች ይሻላሉ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ደንበኛው የሚሰጠውን ነጥብ የሚገምትበትን ዘዴ በ10 በመቶ ላሻሻለ 1 ሚሊዮን ዶላር እሸልማለሁ ብሎ ውድድር ከፍቶ ነበር። ከ480 ሺህ በላይ ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጡት ከ100 ሚሊዮን የበለጠ ነጥብ ለተወዳዳሪ ሁሉ ተሰጠ። «ናፖሊዮን ዳይናማይት» የተባለ አንድ ኮሜዲ ብዙዎቹን አስቸገራቸው፤ ሰው ወይ አምስት ወይ አንድ ነው የሚሰጠው፣ ከሌላ ምርጫው ተነሥቶ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሸናፊ ሆኖ የወጣው ቡድን የግምቱን ስሕተት ከ0.9525 ወደ 0.8567 ኮከብ አወረደ። ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀ የዓለም ሊቃውንት ትግል፣ ያ ሁሉ መረጃ፣ ውጤቱ አሁንም ከአምስት ኮከብ ላይ ወደ አንድ ኮከብ የሚጠጋ ስሕተት። በደብተር ይዘን አጎታችን ነገ የሚሰጡትን ነጥብ በትክክል ካላወቅን ብለን መበሳጨት የለብንም።

ነጥብ ለመገመት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ «ሰው ከሰው» የሚባለው አካሄድ ነው፤ ከአንተ ጋር ነጥቡ የሚገጥም ሰው የወደደውን አንተም ትወደው ይሆናል። ብዙ ሕዝብ ላለው ድርጅት ግሩም ነው። ለስድስት ሰው ቤት ግን አይሆንም፤ ሁለት ሰዎች ያዩት የጋራ ፊልም ጥቂት ከሆነ መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው። ለቤት የሚያዋጣው «ፊልም ከፊልም» ነው፦ የወደዳቸው ፊልሞች ምን ያመሳስላቸዋል? እዚህ ላይ ዘውግ ብቻ አትበሉ። ርዝመቱ፣ አጨራረሱ፣ ፍጥነቱ፣ ትርጉም ነው ወይስ በጽሑፍ የሚነበብ፣ ልጅ ይሞትበታል ወይ? እኛ ቤት የመጨረሻዋ ጥያቄ ከዘውግ ሁሉ በላይ ትለያለች።

ወደ አጎቴ ልመለስ። የፍርድ ቤቱን ታሪክ ለምን ወደዱት? አንዱ ግምት ሕግና ፍትሕ ይስባቸዋል ነው። ሌላው ግምት ጭውውት ይወዳሉ ነው፤ ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ። ከአንዱ ፊልም ይህን መለየት አይቻልም፣ ምክንያቱም ሁለቱም አሉበት። ተመሳሳይ የፍርድ ቤት ፊልም መጨመርም አይረዳም። የሚረዳው ሁለቱን ግምቶች የሚያለያይ ፊልም ነው። ስለዚህ ሁለት ፊልም መረጥኩላቸው፦ አንዱ ጠበቃ ያለበት ግን ግማሹ በመኪና ማሳደድ ያለቀ፣ ሌላው ፍርድ ቤት የሌለበት፣ ወንድማማቾች በአንድ ምሽት ስለ ውርስ የሚነታረኩበት። ለመጀመሪያው 4 ሰጡ፣ ለሁለተኛው 6። በእሳቸው ሚዛን 6 ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። «ጋሼ፣ ምኑ ደስ አለዎት?» ስላቸው «ሰው ሲናገር ይሰማል፣ እንደዚያኛው ጩኸት ብቻ አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የምጭንላቸው ፊልም ላይ ዘውጉን አላይም፤ ንግግሩን ነው የማየው።

ባዶ ቦታዎችንም አንብቡ። ሰው ነጥብ የሚሰጠው መርጦ ላየው ነው። አስፈሪ ፊልም የማይነካ ሰው በዝርዝሩ ላይ አንድም አስፈሪ ፊልም ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ አይገኝም፤ አማካዩ አስፈሪ ፊልም እንደሚጠላ አይነግራችሁም፤ አለመኖሩ ነው የሚነግራችሁ።

ነጥቡን ስትቀበሉ ደግሞ የራሳችሁን አስቀድማችሁ አትናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሙቪሌንስ ላይ በተደረገ ጥናት ሆን ተብሎ ከፍ ወይም ዝቅ የተደረገ ግምት የታያቸው ሰዎች የራሳቸውን ነጥብ ወደዚያው ስበውት ነበር። ኮምፒዩተር ያን ካደረገ «ይሄማ አሪፍ ነው» የሚል ታላቅ ወንድም ምን እንደሚያደርግ አስቡት። በየግሉ፣ ፊልሙ ባለቀ በማግስቱ ጠይቁ።

ስለ ምሥጢርም አንድ ቃል። ከዚያ የኔትፍሊክስ ውድድር መረጃ ላይ ስሞች ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት ተመራማሪዎች ስም ብቻ ማንሣት እንደማይበቃ አሳዩ፦ የአንድን ሰው ስምንት ነጥቦች፣ ሁለቱ ስሕተት ቢሆኑ እንኳ፣ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ የቀን መዛነፍ የሚያውቅ ሰው ከ100 99ኙን ለይቶ ያገኛል። ኔትፍሊክስ ክስ ቀርቦበት ሁለተኛውን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘ። የቤተሰቡን ደብተር ከነቀኑ ክፍት ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ አንዳንዱ ሰው ሌሊት የሚያየውን ፊልም ጎረቤት እንዲያውቅበት አይፈልግም።

ሁሉም አንድ ላይ ሲያዩ

እስካሁን ያልነው ለአንድ ሰው ስንመርጥ ነው። በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ዘመድ ከገጠርም ከአዲስ አበባም መጥቶ ቤቱ ሲሞላ ጥያቄው ይለወጣል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሁሉንም ግምት ደምሮ አማካዩ የበለጠውን መክፈት ነው። ሌላው ከሁሉም ያነሰውን ነጥብ አይቶ፣ ያ ትንሹ ነጥብ የተሻለበትን መክፈት። የሙቪሌንስ ሰዎች ለቡድን ተመልካቾች በሠሩት ፖሊሌንስ ላይ የተጠቀሙት ሁለተኛውን ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። አንዱን ፊልም ሦስት ሰዎች 9፣ 9፣ 3 ይሰጡታል ብላችሁ ገመታችሁ፤ ሌላውን 7፣ 7፣ 6። አማካዩ የመጀመሪያው 7 ነው፣ የሁለተኛው 6.7 ገደማ። በአማካይ ከሄዳችሁ የመጀመሪያውን ትከፍታላችሁ። ለሦስት ጓደኛሞች ይሄ ችግር የለውም፤ 3 የሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ይካሳል። ቤተሰብ ላይ ግን ያ 3 የሚሰጠው ሰው ሪሞቱን የያዘው ነው፤ «እስቲ ለዜና ልቀቁልኝ» ካለ ዘጠኝ የሰጡት ሁለቱም ምንም አያዩም። እኛ ቤት ሁለተኛው መንገድ ነው የሚሠራው።

አንድ ማስተካከያ ብቻ ያስፈልገዋል። ትንሹን ነጥብ እንዳለ ከወሰዳችሁት እንደ አጎቴ ያሉ ቆጣቢ ሰዎች ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ስለሚሰጡ ሁልጊዜም የእሳቸው ምርጫ ይከፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው አማካይ ቀንሱ፣ ከዚያ ትንሹን ፈልጉ። አማካዩ 8.4 ለሆነው ሰው 7 ከልማዱ በ1.4 ያነሰ ነው፤ አማካዩ 4.8 ለሆነው ግን 4 በ0.8 ብቻ ያነሰ። በዚያ ምሽት ቅር የሚለው ሰባት የሰጠው ነው ማለት ነው፣ ፊልሙም ለእሱ ሲባል ይቀየራል።